ዳቦ ቤቱ ጋ ማንንም ጠይቅ

የእኛ አገር ሰው አድራሻ ንገረኝ ሲሉት ቦታ አይናገርም፤ ለሰው አደራ ይሰጥዎታል። ሐይቅ ከተማ ወርደው የሰው ቤት ቢጠይቁ፣ ወደ ውኃው ወረድ ይበሉ፣ ዋርካዋ ጋ ሲደርሱ ማንንም ይጠይቁ ይባላሉ። የቤት ቁጥር የለ፣ የመንገድ ስም የለ። ምን ያደርግልዎታል? ያ “ማንም” የተባለው ሰው እጅዎን ይዞ ደጃፉ ድረስ ያደርስዎታል። መንገድ ላይም የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ለምን እንደመጡና እስካሁን ለምን እንዳላገቡ አጣርቶ ይጨርሳል። በስም ረገድ ቆጣቢዎች ነን። ሐይቁን ሐይቅ አልነው፤ ከተማዋንም ሐይቅ አልናት፤ ተግባባን፤ አለቀ።

ችግሩ ይህንን ጥበብ ይዘን አገር ስንሻገር ነው።

ባለፈው ዓመት ለስብሰባ እስክንድርያ ሄድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ መስኮት በሌለው አዳራሽ ተቀምጬ ሜዲትራኒያንን በስላይድ አየሁት። አራተኛው ቀን የራሴ ነበር፤ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ካይሮ የሚወስደኝ አውቶቡስ እስኪነሳ። ባዶ እጄን አልነበርኩም። አፌ ውስጥ አደራ ነበር። የአክስቴ የዘሀራ ልጅ ሰዓዳ እዚያው ከተማ ልብስ ስፌት ትሠራለች። የአገሩን ሰው ልታገባ ነው፤ ኒካው ዓርብ ነው፤ የእናቴ ምርቃት ሳይቀድም አላስርም ብላለች። አክስቴ ደግሞ ስንት ወር ምርቃቱን ይዛ ከርማ እሺ ያለችው እኔ እንደምሄድ ስትሰማ ነው። በስልክ መርቂያት ስላት ተቆጣችኝ። ኔትወርኩ ቢቋረጥ ግማሹ ምርቃት የት ሊቀር ነው? አለችኝ። ቃል በቃል አስጠናችኝ።

ሰዓዳ ሥራ ስትገባ ስልኳን ታስረክባለች። የእኔም ስልክ ከሆቴሉ ኢንተርኔት ከራቀ የኪስ መስታወት ነው። የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ግን ለሐይቅ ልጅ ግልጽ ነበር። ባሕሩን በቀኝ አድርገህ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ማንንም ጠይቅ፣ አስር ሰዓት ላይ እቤት ነኝ፣ ምን አላት፣ ከሆቴልህ እዚችው ናት።

ማለዳ ወጣሁ። ባሕሩን በቀኜ አደረግሁ።

ባሕር ነው ታዲያ! እኛ ሐይቅ ዳር ስንቆም ማዶ አለን፤ ማዶው ላይ ማሳ፣ ማሳው ላይ ሰው እናያለን። ይኸኛው ዝም ብሎ ይሄዳል። ዓይኔ የሚያርፍበት አጥቶ ደከመው። ከተማዋም ለባሕሩ የምታደርገውን ክብር አይቼ ቀናሁ። ሕንፃው ሁሉ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሯል። ቀለሙን ጨው ልጦታል፤ ግን ጌጧን አውልቃ እንደተቀመጠች እመቤት፣ ተገፎም ግርማ አለው። ሽማግሌዎች ግንቡ ላይ ተደርድረዋል፤ ባሕሩ ንግግር ሊያደርግ የተጠራ ይመስል ይጠብቁታል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ጣቱን የምታህል ዓሣ ከፍ አድርጎ በኩራት አሳየኝ። ሐይቅ ላይ ብትሆን “እናትሽን ጥሪ” ብለን እንመልሳት ነበር። አጨበጨብኩለት።

የመጀመሪያው ዳቦ ቤት ብዙም ሳልሄድ ተገኘ። “ፉርን” ይሉታል፤ የእኛ ፉርኖ ዘመድ መሆኑ ነው። ሰላምታዬን አቅርቤ፣ በመድረሳ ዐረብኛዬ፣ የሐበሻዋ የሰዓዳ ቤት ወዴት ነው አልኩ። ሻጩ መጽሐፍ ሲናገር እንደሰማ ሰው አፈጠጠብኝና አምስት ዳቦ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሁለተኛው ሦስት ሰጠኝ። ሦስተኛው ባለ ሰሊጡን። ሰባተኛው ላይ ስደርስ እስክንድርያ ዳቦ ቤት ያላት ከተማ ሳትሆን ባሕር የገጠማት ዳቦ ቤት መሆኗ ገባኝ።

ዳቦዬን ታቅፌ አንድ ሻይ አዟሪ ጋ አረፍኩ። ከየት ነህ አለኝ። ኢትዮጵያ ስለው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ግድቡ መጣብኝ ብዬ ተሸማቀቅሁ። ልከፍል ስል እጄን ያዘና፣ ተወው፣ ውኃው ከእናንተ፣ ሻዩ ከእኛ ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለውን ሰው ስብሰባችን ላይ ማንም አልጋበዘውም።

መንገዱ አንድ የድንጋይ ምሽግ ጋ አለቀ። ባሕሩ በቀኜም፣ በግራዬም፣ በፊቴም ሆነ። ይህንን ሰዓዳ አልነገረችኝም። ማዕበሉ ድንጋዩን እየመታ ነጭ ሲረጭ አፌን ከፍቼ ቆምኩና ደንግጬ መልሼ ዘጋሁት፤ ምርቃቱ አለ። ሰዓቱም ስምንት አልፏል። ዓርብ አንዲት ልጅ ያለ እናቷ ቃል ልትቀር ነው፣ እኔ ውኃ አያለሁ!

ዘንግ የያዘ ሽማግሌ ዳቦዬን አይቶ ምን ሆነሃል አለኝ። ነገርኩት። አሰበና፣ ቀኝ ያለችው የማንን ቀኝ ነው፣ የአንተን ነው የራሷን? አለኝ።

ያ ረቢ! ሐይቅ ተወልጄ ይህ ይጠፋኛል? የእኛ ሰው መንገድ ሲያመለክት እሱ በሚመጣበት ነው፤ ቀኙም የተናጋሪው ቀኝ ነው።

በመጣሁበት ተመለስኩ። ሆቴሌን አለፍኩ፤ ባሕሩ በግራዬ። ከሆቴሉ አምስት ደቂቃ፤ ዳቦ ቤት። ሰዓዳ አልኩ ገና ከበሩ። እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ጎልማሳ ከምድጃው ኋላ ብቅ ብሎ “ሐይቅ?” አለኝ። ሐ-ዋን ከጉሮሮው ጥልቅ አውጥቶ! እኛ ፊደሏን ብቻ ነው የያዝነው፤ ድምፅዋ እነሱ ዘንድ ቀርታለች። ከነዱቄቱ አቀፈኝ። ሙሽራው እሱ ነበር።

ሰዓዳ ለእናቷ “ሥራ አለው” ብቻ ነበር ያለቻት። “ዳቦ ቤቱ” ያለችው አሁን ገባኝ። በዚያ ሁሉ ዳቦ ቤት መካከል ለእሷ ያለው አንድ ብቻ ነው።

አስር ሰዓት ላይ መጣች። እቅፌን አይታ፣ ወንድም ጋሼ፣ ደንበኛ ልትሻማን ነው እንዴ? አለችኝ። ምርቃት ይዣለሁ ስላት ግን ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከችና እጇን ዘረጋች። እሱም ምንም ሳይገባው ከጎኗ ተንበረከከ። ትዳርሽ ይስመር አልኩ። አሚን። አላህ ዘርሽን ይባርክ። አሚን። ደጅሽ ጠያቂ አይጣ። እዚህ ላይ ያበጠ እግሬን አየሁት፤ ከማለዳ ጀምሮ ምርቃቱ በእኔ ላይ ሲደርስ ውሏል። ቤትሽ ዳቦ አይጣ። ሰዓዳ ዱቄታም ሙሽራዋን ዞር ብላ አየችና አሚን ልትል ስትል ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ያዛት። አሚኑን እሱ ጨረሰላት።

ሐይቅ ስመለስ አክስቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቤቷ ወዴት ነው ብላ ነው። ምን ልበላት? ባሕሩን በግራሽ አድርገሽ ትሄጃለሽ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርሺ ማንንም ትጠይቂያለሽ አልኳት።

ፊቷ በራ። ወይ ጉድ፣ እዚችው ናታ! አለች፤ ባሕር ማዶ ሄደች ብለው ስንቱን ቀን አስለቀሱኝ!