ለጉትአኽተሩ የጠረግነው ጣሪያ

እኛ ሰዎች እንግዳ ይመጣል ከተባልን አያድርስ ነው። ሳሎን የተከመረው ልብስ ወደ መኝታ ቤት ይሰደዳል፣ የተሰነጠቀው ሳህን ከኋላ ይደበቃል፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት እንኳ በር ሲንኳኳ ይታረቃሉ። ደግ ነገር ነው፣ አልከፋኝም። ችግሩ አንዳንዱ እንግዳ የሚመጣው ጉድለታችንን ሊያይ መሆኑ ነው። ለመሆኑ ሐኪም ዘንድ ማስታገሻ ውጣችሁ፣ ዘንጣችሁ፣ ሽቶ ተቀብታችሁ ሄዳችሁ አታውቁም? እንዳትዋሹኝ።

ጋሽ ተፈራና ባለቤታቸው ሲስተር የሺ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ጎረቤቶቼ ናቸው። ጋሽ ተፈራ ከኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን፣ ሲስተር የሺ ከሆስፒታል ጡረታ ወጥተው፣ በባቡር ሐዲዱ ዳር ክላይንጋርተን ተከራይተዋል። ጀርመን ቲማቲም የሚተክልባት፣ ትንሽ የእንጨት ቤት ያለባት ቁራጭ መሬት ናት። ጋሽ ተፈራ ፎቅ ላይ ያለው ቤታቸው ሲሆኑ ቴሌቪዥን ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቃል አይወጣቸውም። እዚያች ጎጆ ገብተው ጎመናቸውን ሲያዩ ግን አፋቸው ይፈታል። ሲስተር የሺም «ባሌን የማገኘው እዚያ ነው» ይላሉ፣ እየሳቁ፣ ግን የምራቸውን ነው።

ባለፈው ሐምሌ የእርግብ እንቁላል የሚያክል በረዶ ወረደ። ስደውል ጋሽ ተፈራ «ምንም አልሆነም፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉኝ። የጎጆዋ ጣሪያ ቆርቆሮም ሸክላም አይደለም። ሬንጅ የጠጣ፣ ደቃቅ ጠጠር የተለበጠበት፣ ተደራርቦ የተቸነከረ ነገር ነው፤ ሺንደል ይሉታል። ቆርቆሮ ቢሆን ሲደበደብ ሰፈሩን በሙሉ ይጠራ ነበር። ይኼ ግን ዱላውን ዋጥ አድርጎ ዝም። በሳምንቱ ዝናብ ሲጥል አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። የአትክልተኞቹ ማኅበር ደግሞ ጣሪያው ካልታደሰ ጎጆዋ ከብርዱ ወራት በፊት ትፈርሳለች አለ። ያለው ተስፋ ኢንሹራንሱ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለበረዶ ጉዳት እንጂ ለእርጅና አይደለም። እሱም ጉትአኽተር፣ ማለትም ጉዳት መርማሪ፣ እንደሚልክ አስታወቀ።

እንግዳ ሊመጣ ነዋ! መርማሪው በሚመጣበት ዕለት ሲስተር የሺ ለክብረ በዓል ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ እኔና ጋሽ ተፈራ ጣሪያውን ጠረግን፣ በውኃ አጠብን። አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመውን ጥቁር ጠጠር ዝቀን ቲማቲሙ ሥር ደፋን። ጠብታውን የምንቀበልበትን ሳፋ ሳይቀር ደበቅን። ሰውዬው በቀጠሮው ሰዓት ከች አለ። ጋሽ ተፈራ ኬክ አቅርበው «አሌስ ጉት! አሌስ ጉት!» አሉት፣ ሁሉ ደህና ነው ማለታቸው ነው። ደህና ካልሆነ አይደል እንዴ የተጠራው? ሰውዬው መሰላል ወጣ፣ አየ፣ ወረደ። «እርጅና ነው እንጂ በረዶ አይመስለኝም» አለና ቦርሳውን መዝጋት ጀመረ። ያን ጊዜ የጋሽ ተፈራን ፊት ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር የሺ ነጠላቸውን እንዳጣፉ የደረሱት ይኼኔ ነው። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና «ማነው የጠረገው?» አሉ። ጋሽ ተፈራ ኬኩን መቁረስ ያዙ። «ይሁን» ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው መሰላሉን ወጡ። እኔ በዚያ ዕድሜ መሰላል መውጣታቸውን ሳደንቅ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሺንደሉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። ጫን፣ አለፍ፣ ጫን። «እዚህ ጋ» አሉ። ሰውዬው ጠመኔ አቀበላቸውና ከበቡበት። ሌላም ከበቡ። ከዚያ ሰውዬውን ጠርተው የገዛ ጣቱን አስቀመጡበት። «ይጫኑት፣ አይፍሩ።» ተጫነው። ዙሪያው ጠንካራ ነው፣ እሱ ቦታ ግን ውስጡ እንደ ተመታ አቮካዶ ስርጉድ አለ።

«እርጅና እኩል ነው የሚበላው» አሉ ሲስተር የሺ በዚያ በተረጋጋ ጀርመንኛቸው። «መጥረጊያ ደግሞ በመስመር ይፍቃል። ይኼ ክብ ክብ ነው፣ ተራ የለውም፣ ወዲህም ወዲያም ነው።» የአየር ማስወጫውን ለስላሳ ብረት ክዳን አሳዩት፣ ጎድጉዷል፤ መጥረጊያችን እሱን መች ደፈረ! ከቲማቲሙ ሥርም በረዶው ከሺንደሉ ያረገፈውን ጠጠር አይተው በእፍኛቸው ዘግነው አመጡለት። ኧረ እኚህ ሴት! ሰውዬው ፎቶውን እያነሳ ይኼን የት ተማሩ አላቸው።

«የአረጋውያን ክፍል ነበር የምሠራው። ወድቀው 'ምንም አልሆንኩም' ይላሉ። እኔ እጄን ነው የማምነው።»

ሰውዬው የበረዶ ጉዳት ነው፣ ጣሪያው ሙሉ ይቀየር ብሎ ኬኩን በላና ሄደ። ጎጆዋ ተረፈች። እኔ በደስታ ስለፈልፍ ጋሽ ተፈራ ሄደው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የሺዬ» አሉ።

«ምነው ተፌ?»

«እስቲ እዚህ ጎኔን ጫን አድርጊው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

ሲስተር የሺ አልተቆጡም። ከእጃቸው ላይ ጠመኔውን አራግፈው አጠገባቸው ተቀመጡና «በል ሸሚዝህን ግለጥ» አሉ። እኔ ምን ቤት ነኝ? በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።