የእንሰቱ ባላምባራስ

ሁለት እጄ አፈር በአፈር ሆኖ፣ ለቡና ችግኝ የሚሆኑ ትንንሽ ፕላስቲኮች እየሞላሁ ነበር። ሳይጠራ ገብቶ ባለቤት የሚሆን ሰው የሌለበት ግቢ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። አንዱ ሻንጣ ላስቀምጥ ብሎ ይመጣል፤ አንዱ ዝናብ እስኪያባራ ብሎ። የእኔው ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። እንሰቴ ላይ የሚኖር የዛፍ እንቁራሪት ነው። ባላምባራስ እለዋለሁ፤ አቀማመጡን ላየ ከዚያ ዝቅ አድርጎ መጥራት ይከብዳል።

ቀን ቀን ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት፣ ዝናብ በሚያቁርበት ጉያ ውስጥ እጅና እግሩን ሰብስቦ ይውላል። ፀሐይ ስታገኘው ነጣ፣ ሲመሽ ጠቆር ይላል። ውሃ በአፉ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም፤ እርጥብ ቅጠል ላይ በሆዱ ተኝቶ ይረካል። ትንኝ ሲውጥ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይኑን ወደ ውስጥ ይጨፍናል። ልብስ አያጥብም፤ ቆዳው ሲያረጅ ገፎ ይበላዋል። ይህን ለጎረቤቴ ለየሺሃረግ ብነግራት፣ "እትዬ አጸደ፣ ብቻዎን መኖር ይብቃዎት" አለችኝ።

አመሻሽ ላይ "ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ" ይላል። ለእኔ "ዛሬም ዝናቡ አነሰ" የሚል ይመስለኛል። ዝናብ በማይጠፋባት በእኛ ከተማ በሚዛን፣ ዝናብ አነሰ ብሎ የሚያማርር እሱን ብቻ አውቃለሁ።

ያን ቀን ፕላስቲኬን ሳልጨርስ ሌላው ጎረቤቴ ባምላኩ እየሮጠ መጣ። ሸዋ ቤንች ያለው መሬቱ ላይ የሚተክለው አርባ የቡና ችግኝ ሥሩ ተራቁቶ በክንዱ ላይ ተኝቷል።

"እትዬ፣ መኪናው ሊሄድ ነው። ሥሩ ሳይደርቅ የምጠቀልልበት አንድ ደህና ቅጠል ይቁረጡልኝ።"

ሰውን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። እጄን ታጥቤ ቢላዋ ይዤ ሄድኩ። ሌሎቹን ቅጠሎች ነፋስ ተልትሏቸዋል፤ ሙሉው አንድ ነው፣ የችግኝ ውሃ በማጠራቅምበት ጉድጓድ ላይ ያጎነበሰው። ገልበጥ ባደርገው እንቁላል ተለጥፎበታል። በእያንዳንዱ ጥርት ያለ ፍሬ ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀጠቀጣለች። ሲፈለፈሉ ከታች ውሃው ላይ ሊወድቁ ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ መኪና ላይ ከወጣ ግን አለቀላቸው። ባላምባራስ ከጉያው አልተነሳም። ቢላዋውን ብቻ ያያል።

"እትዬ፣ ጠፋ እንዴ?" አለ ባምላኩ ከአጥሩ።

"ልጆች አሉበት።"

መጥቶ አየ። "የእንቁራሪት? ችግኜ ሊሞት ነው እኮ።"

ያፈርኩት ማፈር። ነጠላዬን አወለቅኩና ጉድጓዱ ውስጥ ነክሬ፣ አርባውንም ችግኝ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልኳቸው።

"ቡናዬ ከእኔ አምሮ ለብሶ በየት በኩል ልለፍ?" አለና ሮጠ።

ማታ ሲመለስ ሁሉም ደህና መተከላቸውን ነገረኝ። ለቀረው ችግኙ ግን ያንኑ ቅጠል ለሌላ ቀን እንድቆርጥለት አደራ አለኝ። የእንቁራሪቱ ልጆች በዚያው ሳምንት ተፈልፍለው፣ ልቅም ብለው ውሃ ገቡ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ቅጠሉ ባዶ ቢሆንም ባለቤቱን ባላምባራስን ፈርቼ አልቆረጥኩትም።