ከመቀመጫው ሳይነሳ ሶላር የሚጠግን ሰው

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሶላር የሚጠግን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሌሞ፣ ሆሳዕና ከተማ አጠገብ፣ ሞልቶናል። ዕቃውን አይነካም፤ ሥራው መጠቆም ብቻ ነው።

የቤታችንን ሶላር የዘረጋው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱን በቀበርን ሰሞን መብራቱ እምቢ አለ። እናቴ "የልጄ መብራትም ይጥፋብኝ?" ብላ አንገቷን ደፋች። ሊያጽናኑን የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ኤርጫፎ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ፓኔሉ ቆሽሾ ነው፤ እጠበው።"

ጣሪያ ላይ ወጥቼ አጠብኩት።

"ፊቱን ወደ ሆሳዕና አዙረው።"

አዞርኩት፤ ፀሐይ ሆሳዕና ቤት የተከራየች ይመስል።

"እንግዲያው ባትሪው አልቆለታል። ሁሉንም አውጥታችሁ ጣሉት።"

"ልጄ በእጁ የሠራውን ማንም አይጥለውም" አለች እናቴ።

ሲመሽ ጎንበስ ብዬ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ከባትሪው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ማሰሪያው ላልቶ ኖሯል። በወንድሜ ፒንሳ አጠበቅኩት፤ ቤቱ በራ።

"አላልኳችሁም?" አሉ ጋሽ ኤርጫፎ ከመቀመጫቸው። "ይኸው ፓኔሉ ፀሐይ አገኘ።"

ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"ነገም ይምጡ" አለቻቸው፤ "ሬዲዮኑም አይሠራም።"