ለዘንዶ የተሸከምኩት ብሎኬት

ሰው የሚጣላው በርስትና በሚስት ነው ይላሉ የድሮ ሰዎች። አይፈረድባቸውም፤ ጌም ቤት ገብተው አያውቁማ! እኔ ግን ገብቻለሁ። ስለዚህ ወንድምን ከወንድም የሚያለያይ ሦስተኛ ነገር በዚህ ዓለም ላይ መኖሩን በሙሉ ኃላፊነት እመሰክራለሁ። እሱም «እውነተኛው አር ፒ ጂ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጦር ሜዳ የዋላችሁ አንባቢዎች አትደንግጡ፤ የማወራው ታንክ ስለሚያጋየው አይደለም። የቪዲዮ ጌም ዓይነት ነው። ቴሌቪዥን ውስጥ ያለውን አንድ ሰው ትሆናለህ፤ በእሱ እግር ትሄዳለህ፣ በእሱ አፍ ትናገራለህ፣ ቀን ሲከፋም በእሱ ሞት ትሞታለህ። ሌላ ሰው ሆኖ መዋል ነው በአጭሩ። ይሄ ደግሞ ስደተኛን ምን ይገርመዋል?

ነገሩ የሆነው ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ነው። ከተማዋ ገና ሰላም ውላ ሰላም በምታድርበት፣ ትልቁ ጠላታችን ሙቀትና የመብራት መጥፋት ብቻ በነበረበት በዚያ ደግ ጊዜ ማለቴ ነው። ሰዒድና ሄኖክ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በሽርክና ጌም ቤት ከፍተው ነበር። ሰዒድ እዚያው ካርቱም ያደገ የዘይነባ ልጅ ነው። ዘይነባ የወሎ ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ያላትን ሁሉ እዚያች ጌም ቤት ላይ አፍስሳ፣ «ቤቲቱ ጠና ስትል እኔ አርፋለሁ» ብላ የምትጠብቅ እናት። ሄኖክ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ምላሱ ከእግሩ የሚቀድም ልጅ ነው።

ቤቲቱ አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት የጌም ማሽን፣ ጣራው ላይ ሲጥ ሲጥ የሚል ማራገቢያ አላት። ማራገቢያውን የሚጠግነው ሰውዬ «ቡክራ፣ ነገ እመጣለሁ» ካለ ሁለተኛው ረመዳን እየመጣ ነበር። በሩን ደግሞ ነፋስ እንዳይዘጋው አንድ ብሎኬት ይደግፈዋል። ይህን ብሎኬት አደራ እንዳትረሱት፤ እኔ ልርሳው ብልም ትከሻዬ አይረሳውም።

ጠቡን ያመጣው አንድ ደንበኛ ነው። ገብቶ እውነተኛ አር ፒ ጂ አላችሁ ወይ አለ። ሰዒድ አንዱን ጨዋታ ከፈተለት፤ ሄኖክ ዘጋና ሌላ ከፈተለት። ሰዒድ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ በተዋጋ ቁጥር ጉልበቱ ካልጨመረ፣ ሌቭሉ፣ ማለትም ደረጃው፣ ካላደገ፣ ሰይፉ ካልተለወጠ ምኑን ጌም ሆነ፣ ፊልም ማየት ነው አለ። ሄኖክ በበኩሉ፣ ይሄማ በሰይፍ የሚሠራ ሒሳብ ነው፣ እውነተኛው እንደ ሰው የሚያናግሩበት፣ የሚመርጡበት፣ ምርጫውም ታሪኩን የሚለውጥበት ነው አለ። ክርክሩ ወደ ስድብ፣ ስድቡ ወደ ኩርፊያ፣ ኩርፊያው ወደ ክፍፍል አደገ። ሌቭል ማደግ ማለት ይሄው አይደለም? ደንበኛው መሃል ላይ ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

ክፍፍሉን ስሙልኝ እንግዲህ። ቴሌቪዥኖቹ ለሰዒድ፣ ማሽኖቹ ለሄኖክ! ወፍጮ የሚካፈሉ ወንድማማቾች አንዱ የላዩን ድንጋይ፣ አንዱ የታችኛውን ይዘው ሲሄዱ አስቡት። ዕቃው እስኪወጣ ድረስም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚነጋገሩት በደንበኛ በኩል ነበር። «ለዚያ ሰውዬ በሩን ክፈት በልልኝ» ይላል አንዱ፤ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ እየሰማው።

ዘይነባ ዓይኗ ቀልቶ እኔ ዘንድ መጣች። «መምህር፣ ወላሂ እኔ ኸላስ፣ በቃኝ፣ ደክሞኛል። ይሄ ቤት ከተዘጋ እስክሞት የሰው ምንጣፍ ሳራግፍ መኖሬ ነው፤ እባክዎ አንድ ይበሉኝ» አለችኝ። መምህር የምትለኝ አገር ቤት ጂኦግራፊ ስላስተማርኩ ነው። ያኔ ግን ሶባ የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው፤ በስደት መጀመሪያ የሚጠፋው ሥራ፣ መጨረሻ የሚጠፋው ማዕረግ ነው። ማዕረግ ያለው ሰው ደግሞ ሽማግሌ ከመሆን አያመልጥም።

ጋሽ በላቸውን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ በላቸው የቡሪ ሐበሻ ሁሉ አስታራቂ ናቸው። ፖለቲካ ይዟቸው ካርቱም ገባ፤ ከዚያ ፖለቲካው ጥሏቸው ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ያላየነውን መሬት ድንበር አንለይም፤ ጨዋታው ይከፈትልን» ብለው አዘዙ። እኔም በሆዴ እውነትም ዳኛ አልኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ካርቱም ሰግዳና በልታ ጋደም ባለችበት ሰዓት ጌም ቤት ተሰየምን። መጀመሪያ የሰዒድ ጨዋታ ተከፈተ። ጋሽ በላቸው መጫወቻውን ጆይስቲክ እንደ አራስ ልጅ ታቀፉትና ሰይፍ የታጠቀ ጎረምሳ ሆኑ። አንድ መንደር ደረሱ። ጎረምሳ ሲሆኑ ግን ጨዋነታቸውን አልጣሉም፤ የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ ሰላም ማለት ያዙ! ሄኖክ ጽሑፉን ይተረጉምላቸዋል። ለመንደርተኛው ግን የተሰጠው ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንዱ ሰውዬ ሰላም ባሉት ቁጥር «ከጫካው ተጠንቀቅ» ይላል። ጋሽ በላቸው አዘኑለት፤ ይሄን ምስኪን ምን አስደንግጦት ይሆን አሉ።

ሰዒድ ትዕግሥቱ አለቀና «ያላ! ቤት ግባ፣ እንስራውን ስበር፣ ውስጡ ወርቅ አለ» አላቸው። ካርቱም ስላደገ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው፤ ማንም አይቀየመውም። ጋሽ በላቸው ግን «አሁን ሰላም ያልኩትን ሰው እንስራ?» ብለው እምቢ አሉ። መንደሩን ዘንዶ እያስቸገረው መሆኑን በሰሙ ጊዜም ሰይፋቸውን ሳይመዙ ፊቱ ቀርበው «እስቲ መጀመሪያ ተረጋጋ» አሉት። ዘንዶው አንድ ጊዜ እሳት እፍ አለና አመድ አደረጋቸው። ጋሽ በላቸው ጆይስቲኩን አስቀምጠው፣ ይሄ ሽማግሌ የማይሰማበት አገር ነው ሲሉ ፈረዱ።

የሄኖክ ጨዋታ ተከፈተ። እዚህም ዘንዶ አለ፤ ግን ይናገራል! መንደርተኛው እንቁላሌን ሰረቀኝ፣ ለዚህ ነው ላሞቹን እየበላሁ የምበቀለው አለ። ጋሽ በላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በዳይ አለ፣ ተበዳይ አለ፣ ነገሩ ሥር አለው! «እርቅ ደም ያድርቅ» እያሉ ከምርጫዎቹ መካከል «እንቁላልህን አስመልሳለሁ፣ እስከዚያ መንደሩን አትንካ» የሚለውን አስነኩ። ዘንዶው ቃልህን አምኛለሁ አለ። እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ለቴሌቪዥኑ ዘረጉ። ከዚያ ላባቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሲወጡ ጆይስቲኩን ለእኔ ሰጥተው፣ ምንም እንዳትነካ፣ አደራ አሉኝ።

ይኸውላችሁ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ዘንዶ የፈጃቸው ላሞችስ? የድሃውን ካሳ ማን ይናገርለት? ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ምርጫ ተደቅኗል፤ «ሂድ» እና «ሰይፍህን ምዘዝ»። ጣቴ ሄደች። ሳላውቅ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ደስም ብሎኝ ነበር! ዘንዶው ተዘረረ፣ መለከት ተነፋልኝ፣ ሌቭሌም አደገ።

ጋሽ በላቸው ፊታቸው ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሱና ሬሳውን አዩ። «ዋስ ነበርኩ እኮ!» አሉ። እኔ ኧረ ዘንዶ ነው ብል፣ ዘንዶው የጨዋታ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ ነው አሉና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሄኖክ፣ ለዚያ መምህር ንገረው፤ ከእንግዲህ አብሬው ለሽምግልና አልቀመጥም!» እኔም ደሜ ፈልቶ «ሰዒድ፣ ለጋሽ በላቸው ንገርልኝ፤ የተበሉትን ላሞች ማን ይክሳል?» አልኩ። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በመልእክተኛ!

ሰዒድና ሄኖክ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ሳቀ፤ ከዚያ ሆዳቸው። ሰዒድ እንባውን እየጠረገ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሌቭል አይደለም፣ ምርጫ አይደለም። ጌሙን ትተህ ጌሙ አንተን ካልተወህ፣ እሱ ነው አር ፒ ጂ» አለው በተሰባበረው አማርኛው። ሄኖክ ወደ ጋሽ በላቸው ጀርባ እያየ፣ እውነትህን ነው፣ ቴሌቪዥኑን ብናጠፋውም እሳቸው ዋስ ናቸው አለና አቀፈው። በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ዘይነባ እልልታዋን ለቀቀችው። የሷን እልልታ ስሰማ፣ ዘንዶውን መግደሌ ለበጎ ነው ብዬ ልቤ በኩራት አበጠ። ምን ዋጋ አለው፣ ቶሎ ተነፈሰ።

ምክንያቱም ልጆቹ ወንበራቸውን ሳቡና እኛን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። ሰዒድ ጋሽ በላቸውን «አንተ ቅድሚያ ተናገር» አላቸው፤ አንተ ማለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠመለት፣ ዳኛ ነዋ! ጉዳዩ ተሰማ። ፍርዱም፣ አደራ በላው መምህር እንደ ባህሉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ የሚል ሆነ። ማንን? ዘንዶውን! ሄኖክ «ሁለት ባላ ትከል» የሚለውን ብልሃት ያውቃል፤ ጨዋታውን ዘንዶው ከመሞቱ በፊት ባለበት ሴቭ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ወደዚያ መለሰውና ዘንዶው በሕይወት ብቅ አለ። እኔ፣ ገና ያልገደልኩትን ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ በላቸው ከግድግዳው ሳይዞሩ «ላሰብክበት» አሉ።

ድንጋይ ታጣ። የሁሉም ዓይን በሩ ላይ አረፈ። ብሎኬቱን ትከሻዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው፣ ጎንበስ ብዬ በቴሌቪዥን ፊት ቆምኩ። ሄኖክ «ይቅርታ ጠይቅ» የሚለውን ምርጫ ነካልኝ። ዘንዶው አንገቱን ቀና አደረገ፣ ትክ ብሎ አየኝ፣ አፉን ከፈተ።

መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው ሲጥ ብሎ ቆመ። ብሎኬቱን ላወርድ ስል ጋሽ በላቸው ዞረው ክንዴን ያዙኝ። ተበዳይ ይቅር ሳይል ድንጋይ አይወርድም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ላቤ እየወረደ መብራቱ መቼ ይመጣል ስል ጠየቅሁ። ሰዒድ በባዶው ትከሻዬ በኩል ቸብ ቸብ አደረገኝና አጽናናኝ።

«ኢንሻአላህ ቡክራ» አለኝ።