ሙሉጌታ ቤት ብቻ የሚሠራ ፋይል

የድሬ ሰው አድራሻ ሲነግራችሁ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ሳቢያን ሰፈር ትገቢያለሽ፤ ድሮ የአብዲ ሱቅ የነበረበት ጋ ታጠፊ፤ ከዚያ ዛፉ የተቆረጠበት ጋ ስትደርሺ፣ ያው ነው» ይላችኋል። የአብዲ ሱቅ ዛሬ የለም። ዛፉም እንደተባለው ተቆርጧል። እንግዲህ እናንተ የሌለ ሱቅና የሌለ ዛፍ ይዛችሁ ያለ ሰው ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ነጋሪውን አትቀየሙት፤ በንጹሕ ልቡ ነው የነገራችሁ። ለእሱ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ አድራሻው የሚገባው ቤቱን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። አትሽሹ! እኔ ራሴ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም። የምነግራችሁ የገባኝን ያህል ነው፤ ለእኔ የገባኝ ደግሞ ለማንም ይገባል።

ሐያትና ሙሉጌታ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው። ሐያት እናቷ ሶማሊ፣ አባቷ ሐረሪ፤ በአንዱ ቋንቋ ተቆጥታ በሌላው የምትታረቅ፣ ዝምታዋ ከንግግሯ የሚከብድ ልጅ ናት። ሙሉጌታ የባቡር መካኒክ የልጅ ልጅ ነው። አያቱ «እኔ የነካሁት ሞተር ሌላ ሰው አይነካውም» ይሉ ነበር አሉ። ሞተሩን ለባቡር ኩባንያው ትተው፣ ኩራቱን ለልጅ ልጃቸው አወረሱ። ሁለቱም ዛሬ የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው ግን አንድ እብደት ጀመሩ። ለጀማሪ ልጆች የሚሆን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠሩ። ልጁ ኮምፒውተሩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ያዘዋል፤ በመረጠው። ስሙንም «ድሬኛ» አሉት።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ ይህንን ለርዕሰ መምህራችን አወራሁ። እሳቸውም ተዘግቶ የኖረውን የኮምፒውተር ክፍል ድሬኛን ለምናስተምርበት አዲስ የተማሪዎች ክበብ ፈቀዱልን። ፈቅደውም አልቀሩ፣ «ሥራ ካልተሠራበት የተሰበሩ ዴስኮች እናስገባበታለን» አሉኝ። ተማሪዎቹም ሰሙ። ኮሪደር ላይ ባየሁ ቁጥር «ቲቸር፣ መቼ ነው?» ሆነ ሰላምታቸው። እኔም ቀን ቆረጥኩላቸው። ቀን መቁረጥ እንዴት ቀላል ነገር ነው!

በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሁለቱ ልጆች ድሬኛን በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሊሞክሩ ሳቢያን ወዳለው ቤቴ መጡ። ፈጢራ አቀረብኩ፣ ማር አፈሰስኩበት፣ ሻሂ ቀዳሁ። እነሱም ላፕቶፔን ከፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚመጣው በሣጥን ተፈታትቶ እንደሚመጣ ባጃጅ ነው፤ ጎማው ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ። የቱ ብሎን የት እንደሚገባ የሚናገር መመሪያ አብሮት አለ። መመሪያውን አንብቦ የሚገጣጥመው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ይህን መመሪያ «ቢልድ ፋይል» ይሉታል። የድሬኛን ቢልድ ፋይል የጻፈው ሙሉጌታ ነው፤ እሱን ሲያነሳ አያቱ ስለ ሞተሩ ሲያወሩ ይመስል ነበር።

«በይ ቲቸር፣ አንቺው ማስጀመሪያውን ተጫኚው» አለኝ። («እርስዎ» የሚባለው ቃል ድሬ ሲደርስ በሙቀቱ ይቀልጣል፤ ከሌላ አገር የመጣችሁ አትደንግጡ።) ተጫንኩ። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

ጠጋ ብዬ ሳነበው ኮምፒውተሬ የሚፈልገው ነገር ነበር። «ሙሉጌታ» የሚባል ፎልደር አጣሁ ይላል። እኔ ቤት ሙሉጌታ የሚባል ፎልደር ከየት ይምጣ? ለካ ልጁ መመሪያውን ሲጽፍ «ጎማውን ከሙሉጌታ ፎልደር አምጣ» ብሎ ኖሯል።

«አቦ፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል!» አለ ሙሉጌታ። የእሱ ኮምፒውተር ማክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እኅቱ የላከችለት። የሐያት ሊኑክስ የሚባለው ነው። የእኔ እንደ አብዛኛው ሰው ዊንዶውስ። «ሐያትም ጋ ይሠራል። የአንቺ ኮምፒውተር ነው ችግሩ፣ ቲቸር።»

ሐያት ሻሂዋን አስቀመጠች።

«እኔም ጋ አይሠራም» አለች።

«ምን ማለት ነው አይሠራም? ስታሠሪው አይደል እንዴ የማይሽ?»

«አስተካክዬው ነዋ! አዲስ በላክህ ቁጥር የአንተን ስም አውጥቼ የእኔን አስገባለሁ። አንተ በትልቅ ፊደል የጻፍከውን በትንሽ እቀይራለሁ። ከዚያ ይሠራል።»

ሙሉጌታ እጁ ላይ የነበረውን ፈጢራ መለሰው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።»

ይህችን መልስ እስካሁን አልረሳኋትም። አንዳንድ ደግነት አለ፣ ሰውየውን ሳይጎዳ ሥራውን የሚጎዳ። ሙሉጌታ ላፕቶፔን ዘጋ፣ ቦርሳውን አነሳ፣ ደኅና ዋሉ ሳይል ወጣ። በመስኮት ሳየው ባጃጅ ያስቆማል፤ ባጃጁ ግን ሞልቷል፤ ሌላም ያስቆማል፣ እሱም ሞልቷል። የተቆጣ ሰው ትራንስፖርት ሲያጣ እንዴት ያሳዝናል!

ለቀናት ተኮራረፉ። ተማሪዎቼ «መቼ ነው?» ማለታቸውን አልተዉም። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የተሰበረ ዴስክ ተሸክሞ በኮምፒውተሩ ክፍል በር ሲያልፍ አየሁት። ወደ ሌላ ቦታ ነበር የሚወስደው፤ እኔ ግን ልቤ ወደቀ።

ሳይጠራ የመጣው ሙሉጌታ ነው። ሐያት እኔ ጋ ተቀምጣ ሳለ ገባ፤ ቀና ብሎም አላያት፤ «ጨርሼዋለሁ» አለ። ሦስት ቢልድ ፋይል ጽፎ ነበር፤ አንዱ ለዊንዶውስ፣ አንዱ ለሊኑክስ፣ አንዱ ለማክ። ለእያንዳንዱ በልኩ የተሰፋ ልብስ። እኔ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። ተጫንኩት፤ እንደገና ቀይ።

ሙሉጌታ አጎንብሶ አነበበው። ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ነገር አሻሽሎ ኖሯል፤ በማኩ ፋይል ላይ ብቻ። የቀሩትን ሁለቱን ረስቷቸዋል።

አሁን ሐያት «ነግሬህ ነበር» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አላለችም። ወንበሯን ወደሱ አዞረች።

«ሙሌ፣ አንተ ለኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው የምትነግረው። የምትፈልገውን ብቻ ንገረው። ይቺን ፋይል ወደዚያ ውሰድ በለው። ዊንዶውስ ላይ በምን ትእዛዝ፣ ማክ ላይ በምን ትእዛዝ እንደሚወስድ የሚገጣጥመው ፕሮግራም ራሱ ያውቃል። ለዚህ እኮ ነው የተሠራው።»

«ሁሉንም ያውቃል?»

«የማያውቀውን እንነግረዋለን። ግን አንድ ቦታ ላይ።»

ገባኝ። ጎረቤቴ ልጇን ጨው ግዛ ብላ ስትልከው፣ በቀኝ እግርህ ጀምር፣ በግራ ቀጥል አትለውም። ሱቁን ልጁ ያውቀዋል።

ሙሉጌታ ጥቂት አሰበ። ከዚያ የአያቱን ኩራት ለአንድ ከሰዓት አስቀመጠው፤ «በይ ከላይ እንጀምር» አለ። ድሬ በሙሉ በሙቀቱ ጋደም ብላ፣ ከእኔ ቬንትሌተር በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ባልነበረበት ሰዓት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንን ፋይል ከመጀመሪያው ጻፉት። እኔ ሻሂና ባለማር ፈጢራ በማቅረብ ተሳተፍኩ፤ ትምህርትም አገኘሁ። ለካ የፎልደር መንገድ ሲጻፍ ዊንዶውስ ሰረዙን ወደ ግራ ያጋድላል፣ ሌሎቹ ወደ ቀኝ። ለካ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ሁለት ባዕዳን ነው የሚያያቸው፤ ሌሎቹ ዘመዳሞች ናቸው ብለው ያልፏቸዋል። ሙሉጌታ የሚለው ስም ከፋይሉ ሲወጣ፣ ያወጣው ራሱ ሙሉጌታ ነበር። «ደኅና ሁን» አለው ለስሙ። ሐያት ከተኮራረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በእሱ ላፕቶፕ ሞከሩ፤ አረንጓዴ። በእሷ፤ አረንጓዴ። «አሁን ያንቺን፣ ቲቸር።» በእጄ ላይ ያለውን ማር ጠርጌ ተጫንኩ።

ቀይ።

ይህንን ቀይ ማንም አልጠበቀውም። ሐያት ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው። እኔ ድሬኛን ያስቀመጥኩት «የእኔ ሥራ» ብዬ በሰየምኩት ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙ በአማርኛ ነው፤ መካከሉም ላይ ክፍት ቦታ አለ። ፋይሉ «የእኔ» ላይ ሲደርስ ስሙ ያለቀ መስሎት ቆመ፤ ፊደሉንም አንብቦ አልጨረሰውም።

ሙሉጌታ እፎይ አለ። «ቀላል ነው! ቲቸር፣ የፎልደሩን ስም በእንግሊዝኛ ቀይሪውና ይለቅ።»

እኔም ልቀይረው እጄን ዘረጋሁ። ዕድሜ ልካችንን የለመድነው ነገር አይደል? ኮምፒውተር ስማችንን እንቢ ሲል ስማችንን እናስተካክላለን።

«አትቀይሪው!» አለች ሐያት። እንዲህ ጮክ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ወላሂ አትቀይሪው። እኛ ልጆቹ በቋንቋቸው ይጻፉ ብለን ነው ይህን ሁሉ የምንለፋው። ፎልደሩን በአማርኛ ስለሰየመች ድሬኛ አልገባም ካለ፣ ምኑን ድሬኛ ሆነ?»

ሙሉጌታ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ እሱ ራሱ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። ስሙ ከነክፍት ቦታው አንድ ስም መሆኑን እንዲያውቅ በጥቅስ ምልክት አሰረው፤ ሁሉንም ዓይነት ፊደል እንዲያነብም አዘዘው። የወሰደበት ጊዜ እኔ ስሙን ለመቀየር ከሚወስድብኝ ብዙ አይበልጥም ነበር። እስካሁን ያልተሠራው ማንም ጠይቆ ስለማያውቅ ነው።

«በይ ተጫኚ» አለኝ።

አረንጓዴ። እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ ልጅ የዳርኩ መስሏት በአጥር ብቅ አለች። «ምንድን ነው?» ብትለኝ «ፎልደሬ ተቀባይነት አገኘ» አልኳት። እሷም እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ፤ ድሬ ምክንያት አይጠየቅም።

ክበቡ በቆረጥኩለት ቀን ተከፈተ። በክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች የተለያየ ሰው በተለያየ ጊዜ የለገሳቸው፣ ሁለቱ እንኳ የማይመሳሰሉ ነበሩ፤ በሁሉም ላይ ያው አንድ ፋይል ሠራ። አንዷ ተማሪዬ የመጀመሪያ ፕሮግራሟን በሶማሊኛ ጽፋ፣ ጓደኛዋ ያንኑ በኦሮምኛ ጽፋ፣ ስክሪን ለስክሪን ሲያስተያዩ ያው መልስ መጣ። ዴስኮቹ ሌላ ቤት ተፈለገላቸው።

ሙሉጌታ ግን አላመነም። «እዚህ እኛ አለን። እኛ የሌለንበት ቦታስ?» ይላል። ድሬኛን ማንም እንዲወስደው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውት ስልኩንም ስለጻፈበት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እኔ ጋ እንዳለን ጮኸለት። ከድሬ ወጣ ብላ ካለችው ከዋሂል ነው፤ መምህር ጃማል የሚባል የማናውቀው ሰው። ድሬኛን በራሱ አውርዶ፣ የወንድሙ በነበረ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮታል። ሙሉጌታ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከሩን ከፈተና፣

«የት ጋ ቆመብህ?» አለው።

«ምኑ?»

«ቢልዱ ነዋ፣ ወንድሜ። ቀዩ ነገር።»

«እሱማ ወዲያው አለቀ። እኔ የደወልኩት ለሌላ ነው።»

ሙሉጌታ ከወንበሩ ተነሣ። ስልኩን በእጁ እንደያዘ ሐያትን በሌላው እጁ ትከሻዋን ይወዘውዛታል። «አለቀ አለ! ወዲያው አለ! ሰማሽ?»

«እየሰማኸኝ ነው?» አለ ጃማል ከወዲያ። «በኦሮምኛ ‘ድገም’ ለማለት ‘ዴቢሲ’ ብላችኋል፤ እሱ እኮ ‘መልስ’ ማለት ነው። ልጆቹ ‘ምኑን እንመልስ?’ እያሉ ይስቁብኛል። ‘ኢራ ዴቢኢ’ ነው መባል ያለበት።»

የሙሉጌታ ደስታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። የኦሮምኛውን ቃል የመረጠው እሱ ነው። «እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ይገባዋል እኮ» ብሎ ጀመረ። ጃማል መለሰ። ሙሉጌታ መለሰ። ፈራጅ የሚሆን ሲጠፋ በበሩ የሚያልፍ ባለ ባጃጅ ጠየቅን፤ እሱ ሦስተኛ ቃል ሰጥቶን ሄደ።

ጃማል በሳምንቱ ከዋሂል ራሱ መጣ። ቀጭን፣ ቆፍጣና ሰው ነው። እየተከራከሩ ፈጢራዬን ጨረሱት፤ በመጨረሻም ሙሉጌታ ቃሉን ለጃማል ለቀቀና «እንግዲያው ኦሮምኛው ያንተ ይሁን፣ አንተው ጻፈው» አለው። ጃማልም ሳይግደረደር ተቀበለ። እኔ ዳር ተቀምጬ ሳያቸው እንዲህ አሰብኩ፤ ኮምፒውተሮቹ ተስማሙ፣ ሰዎቹ ገና መጣላት ጀመሩ፤ ሰው ደግሞ የሚጣላው የእኔ ነው ባለው ነገር ላይ ነው። እሰየው።

ጃማል ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ዞር አለ።

«በዚያው ላይ የዋሂል ሶማሊዎች አንዳንድ ቃል ላይ የሚሉት ነገር አላቸው» አለ።

«ሶማሊኛው ደግሞ ምን ሆነ?» አለች የሶማሊኛውን ቃላት የመረጠችው ሐያት፣ ወንበር እየሳበችለት።