የኦቦ ገመቹ ስለት

ወንዝ ቀለም ይቀያይራል ስል ከገረማችሁ አቃቂ አልኖራችሁም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ወንዙ ሲያሻው ቀይ፣ ሲያሻው ሰማያዊ ይሆን ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክሩን ነክሮ ሲጨርስ እጣቢውን የሚደፋው እዚያው ነዋ! የሰፈሩ ሴቶች ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን ያዩና ለቀበሌው ኅብረት ሱቅ ምን ጨርቅ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ሰማያዊ ከሆነ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ በጠዋት ሰልፍ ያዙ። ካኪ ከሆነ ለእኛ አይደለም፤ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ቀይ ከሆነ የአብዮት በዓል ደርሷል፤ ባንዲራ ነው፣ እሱ ደግሞ አይለበስ አይበላ! ሬዲዮው ይዋሻል። ወንዙ ግን ዋሽቶን አያውቅም።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ከአዋሽ በኩል ለፋብሪካው ጥጥ የማመላልስ የካሚዮን ሾፌር ነበርኩ። አቃቂ ስገባ ያን የፋብሪካውን ጭስ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ? ትናንት ጤፍ የታጨደበት ላይ የሠራተኛ ሰፈር ሲበቅል ማን ይጠላል? የሚጠላ አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ።

ኦቦ ገመቹ የዚያው አገር ገበሬ ናቸው። ፋብሪካው የቆመው እሳቸው ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ነው። በረታቸው የነበረበት ቦታ አሁን የዘበኛ ቤት ሆኗል፤ ያ ዘበኛ ደግሞ ባለፉ ቁጥር "ማን ነህ? ወዴት ነህ?" ይላቸዋል። ከዚያ ሁሉ ከብት የቀረቻቸው ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ናት። ቡሬም የምትጠጣው ያንኑ ወንዝ ነው። ወተቷ ነጠፈ፣ ጎኗ ገባ፣ ፀጉሯ ረገፈ። ሽማግሌውም አብረዋት ከሱ። ላሟ ከሞተች እኔም ገበሬ ነበርኩ የምልበት አፍ የለኝም ይሉ ነበር።

የባሰው ደግሞ ቀለሙን የሚደፋው የገዛ ልጃቸው መሆኑ ነው። አንድያው ቶሎሳ ማቅለሚያ ክፍል ይሠራል። ጠዋት እሱ ይደፋል፣ ከሰዓት አባቱ ላሟን እየነዱ ይወርዳሉ። ገበታ ሲቀርብ የልጃቸውን እጅ ያዩና "ዛሬ ደግሞ አረንጓዴ ነው?" ይሉታል። እሱም በዚያው በአረንጓዴ እጁ ይቆርስላቸዋል፣ ይበላሉ።

አንድ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ። ላሜ ልትሞትብኝ ነው፣ ውሃው ይታይልኝ አሉ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ጭስና ቀለም የዕድገት ምልክት መሆኑን፣ የላም ጥያቄ ግን የንዑስ ከበርቴ ጥያቄ መሆኑን በሰፊው አብራራ። አጨበጨብን። ኦቦ ገመቹም አጨበጨቡ። ያኔ ሳያጨበጭብ ማን ይወጣል?

ሰው እንቢ ሲል ወደ ሰማይ ነው። ወሩ በገባ በአምስት ሳሪስ አቦ ሄደው ተሳሉ። "አቦዬ፣ ያን ውሃ አጥርተህ ላሜን ካዳንክልኝ ዣንጥላ አገባልሃለሁ" አሉ።

ከአቦ ጋር ደግሞ ቀልድ የለም። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ጠፋና ፋብሪካው ቆመ። ሠራተኛው እስኪጠሩት ድረስ ቤቱ እንዲቀመጥ ተነገረው። እኔም ካሚዮኔን አቁሜ ጎማዋን በእግሬ እየመታሁ መዋል ጀመርኩ። ወንዙ ግን ጠራ! ከሥሩ ጠጠሩ ታየ። ቡሬ ጠጣች፣ ወተቷም ተመለሰ። ኦቦ ገመቹ ቅል ሙሉ ወተት ይዘውልኝ መጥተው ሳቁ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

ወጌ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

ሥራ የፈታ ወጣት የት ይውላል? ንጹሕ ውሃ አለ፣ ፀሐይ አለ። የፋብሪካው ልጆች ሁሉ ወንዝ ወረዱ። ቶሎሳን የላኩት አባቱ ናቸው። ቡሬን አጠጣት፣ አንተም ታጠብ፣ እጅህ ቀለሙን ይልቀቅ አሉት። ያን ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይታፈስ ነበር። የፋብሪካ መታወቂያ የያዘ ምርት ላይ ነው ተብሎ አይነካም። ፋብሪካው ከቆመ ግን መታወቂያው ምን ያደርጋል? የአብዮት ጠባቂዎቹ ቤት ለቤት መዞር እንኳ አላስፈለጋቸውም። ልጆቹን ከነእርጥብ ገላቸው ከውሃው አውጥተው መኪና ላይ ጫኗቸው።

ቡሬ ሆዷን ሞልታ ብቻዋን ወደ ቤት መጣች። ኦቦ ገመቹ "ያ ዋቃ! ልጄስ?" ብለው ላሟን ጠየቋት። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። አይዞዎት አልኳቸው፤ ራሴው አላመንኩትም።

ስለት ግን ስለት ነው። ወር በገባ በአምስት ዣንጥላውን ይዘው ሲሄዱ ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እስላም ነኝ፤ ግን የወሎ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ። ቄሱ ዣንጥላውን ተቀብለው፣ እኚህ አባት ስለታቸው ሰምሮላቸዋልና እልል በሉ አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ኦቦ ገመቹ መሀል ቆመው አለቀሱ። ሴቶቹ የደስታ እንባ መስሏቸው እልልታውን ጨመሩበት።

ሲወጡ ደጁን ተሳልመው እንደገና ሲሳሉ ሰማኋቸው።

"አቦዬ፣ አላወቅሁበትም፣ ይቅር በለኝ። ውሃውን እንደነበረው አደፍርስልኝ፣ ልጄን መልስልኝ። ቡሬን ራሷን ነድቼ አመጣልሃለሁ።"

እኔም በአላህ ስም "አሚን" አልኩ።