ሃያ ሦስት ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ለአንድ ደጋፊ

የዳሞታ ፍሬ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር፣ ወላይታ ሶዶ
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ የማኅበሩን ቢሮ ቁልፍ የያዘው ሰው በሬ ሊገዛ በዴሳ ስለሄደ፣ የወ/ሮ ፈጠነች ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 9፡10

የተገኙ፦
አቶ ዘሩባቤል፣ ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ሱፐርቫይዘር
አቶ እዮኤል፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ፤ የስፖርት መምህር
ወ/ሮ ፈጠነች፣ የመስተንግዶ ኃላፊ፤ የቤቱ ባለቤት
ወ/ሪት ብሩክታይት፣ የውጭ ግንኙነት፤ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ የጸሐፊው የእህት ልጅ
አቶ ጌታሁን፣ ጸሐፊ፤ ሬዲዮ ጠጋኝ

በፈቃድ የቀሩ፦ አቶ ዓምደሚካኤል፣ ከነቁልፉ

ሳይጠሩ የተገኙ፦ አቶ ጩማ፣ ከሻንቶ፤ ልብስ ሰፊ፣ የማኅበሩ ጥሩምባ ነፊ። የኮሚቴ አባል ስላልሆኑ እንዲወጡ በትሕትና ተጠይቀው «ቆሜ ነው የምሰማው» ካሉ በኋላ ተቀምጠዋል።

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ስብሰባው በጸሎት ተከፍቷል። ጸሎቱ የሃያ ደቂቃ ነበር፤ ሰብሳቢው በመሐሉ የመስመር ዳኞችን በስም እያነሡ ስለ ጸለዩ ነው።

የስብሰባው መነሻ

ክለባችን በሚቀጥለው ወር ናይሮቢ ላይ ይጫወታል። ደጋፊ ይዘን ድንበር ስንሻገር በማኅበራችን ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ በፊት ርቀን ሄድን የምንለው፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶብን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ወደ ደረስንበት ከተማ ነው፤ ያን ቀንም ቢሆን ባዶ ሜዳ ፊት ቆመን በደንብ ዘምረናል።

አጀንዳ 1፦ ከአስተናጋጁ አገር ፖሊስ የመጣው ደብዳቤ

ወ/ሪት ብሩክታይት ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ለእንግዳ ደጋፊ ሃያ አራት ቦታ ተፈቅዷል። ለአምስት ደጋፊ አንድ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ይመደባል፤ አስከባሪው አንጸባራቂ ሰደርያ ይለብሳል። ዱላና ዓይን የሚያቃጥል ነገር መያዝ አይፈቀድም። ከድንበር እስከ ስታዲየም ፖሊስ ያጅባል። ጨዋታው ሲያልቅ የባለ ሜዳው ሕዝብ እስኪወጣ ድረስ እንግዳው ደጋፊ አርባ አምስት ደቂቃ ከመቀመጫው አይንቀሳቀስም። ከዚህ በፊት በየትኛውም ስታዲየም በፖሊስ ተይዞ የወጣ ሰው አይካተትም። የስም ዝርዝሩ በሰብሳቢው ተፈርሞ እስከ ነገ እኩለ ቀን ይላካል።

አቶ እዮኤል፣ አንድ ለአምስት ለእኛ እንግዳ አሠራር አይደለም፣ በዚህ ከተማ በአንድ ለአምስት ያልተደራጀ ሰው ቢኖር ሕፃን ነው ሲሉ አስረድተዋል። ቀጥለውም ሰደርያውን ማን ይለብሳል የሚል ጥያቄ አነሡ። የኮሚቴው አባል ሁሉ እጁን አወጣ። አቶ ዓምደሚካኤል በዴሳ ገበያ ሆነው በስልክ ተጠየቁ፤ ከበሬ ጩኸት ጋር የተሰማው መልሳቸው «ኪስ አለው?» የሚል ነበር። ኪስ እንዳለው ሲነገራቸው ተመዝግበዋል።

አምስት ደጋፊ በአንድ አስከባሪ ከሚጠበቅ አንድ ደጋፊ በአምስት አስከባሪ ቢጠበቅ ፖሊሱ ይበልጥ ይደሰታል የሚል ሐሳብ ከሰብሳቢው ቀረበ። ወ/ሪት ብሩክታይት ይህ ደብዳቤውን መገልበጥ ነው ብላ ተቃወመች። ሰብሳቢው መገልበጥ ሳይሆን ከዕቅድ በላይ መፈጸም ነው ብለዋል።

በዚህ ስሌት አራት ደጋፊ ያስፈልጋል። የቀሩት አሥራ ሰባት ተጓዦች በቴሌግራም ገጻችን ላይ ሲጠየቁ ሁሉም ሰደርያውን መረጡ። ሰብሳቢው «ዝም ብሎ ደጋፊ ሆኖ የሚሄድ አለ?» ብለው ክፍሉን ጠየቁ። አቶ ጩማ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሃያ ሦስት ሥነ ሥርዓት አስከባሪና አንድ ደጋፊ እንዲጓዙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ለአቶ ጩማ ቀኝና ግራ፣ ፊትና ኋላ የሚቆሙ ንዑሳን ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል። አቶ ጩማ ሽንት ቤት መሄድ ቢፈልጉ ለየትኛው ንዑስ ኮሚቴ ያመልክታሉ የሚለው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

አጀንዳ 2፦ አርባ አምስቱ ደቂቃ

ተጓዡ ከወዲሁ ልምምድ ያስፈልገዋል በሚል በሩ ተዘግቶ ማንም ሰው አርባ አምስት ደቂቃ እንዳይንቀሳቀስ ተወሰነ። አቶ እዮኤል የፖሊስን ቦታ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልምምዱ 9፡50 ተጀመረ።

በአራተኛው ደቂቃ ወ/ሮ ፈጠነች ደንበኛ እየጠራቸው መሆኑን ገልጸው ለመውጣት ጠየቁ። አቶ እዮኤል እንግዳ ደጋፊ በአስተናጋጁ አገር መብቱ የተገደበ ነው በማለት ከለከሏቸው። ወ/ሮ ፈጠነች ቤቱም በሩም፣ አቶ እዮኤል የተደገፉበት ግድግዳም የእሳቸው መሆኑን አስታወሱ። አቶ እዮኤል ይህ ጉዳይ በኤምባሲ በኩል እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ፈጠነች «አንተ ልጅ፣ ነገ ምሳ የት እንደምትበላ አስበህበታል?» ሲሉ ጠየቁ። በሩ ተከፈተ።

ልምምዱ በስድስት ደቂቃ ተጠናቆ የተሳካ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ጸሐፊው በልምምዱ ወቅት እንቅልፍ ወስዶታል የተባለው አልተረጋገጠም።

አጀንዳ 3፦ የዳጣ ጉዳይ

ወ/ሮ ፈጠነች ለተጓዡ ሁለት ባልዲ ዳጣ ማዘጋጀታቸውን ሪፖርት አደረጉ። ወ/ሪት ብሩክታይት የተፈጨ ቃሪያ በደብዳቤው «ዓይን የሚያቃጥል ነገር» ተብሎ ሊያዝ እንደሚችል አሳሰበች። ሰብሳቢው፣ ያለ ዳጣ ጥሬ ሥጋ መብላት ወላይታነትን ድንበር ላይ አስረክቦ መሄድ ነው ብለዋል። ወ/ሮ ፈጠነች ጾም ላይ ስለሆኑ ሥጋ ባይነኩም ስለ አቆራረጡ ሩብ ሰዓት ተናግረዋል።

የቃሪያውን አደገኛነት ለመመዘን ናሙና ቀርቦ ሰብሳቢው በማንኪያ ቀመሱ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ስብሰባውን በእጅ ምልክት መርተዋል። በምልክት በሰጡት ውሳኔ መሠረት ዳጣው በአውቶቡሱ ውስጥ እንዲቆይ፣ ሁለት አስከባሪዎችም እንዲጠብቁት ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ በፖሊስ ተይዞ የወጣ ሰው

ሰብሳቢው ዝርዝሩን ከመፈረማቸው በፊት ከተጓዦቹ መካከል በፖሊስ ከስታዲየም የወጣ እንዳለ ጠየቁ። ወ/ሮ ፈጠነች ባለፈው ዓመት በክልሉ ዋንጫ ጨዋታ ላይ አቶ ጩማ ሁለት ፖሊሶች መሐል ሆነው ሲወጡ ሁላችንም አይተናል አሉ። የመስመር ዳኛው ጀርባ ላይ የሸንኮራ አገዳ ተወርውሮ ነበር።

ስለዚህ ብቸኛው ደጋፊያችን መሄድ አይችልም። አቶ እዮኤል ሃያ ሦስት አስከባሪ የሚያስከብረው ሰው ከሌለ እርስ በርሱ ሊያስከብር ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው አሠራሩ እንደሚፈቅድ ተናገሩ።

በዚህ ጊዜ አቶ ጩማ ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ፓስፖርት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሐምሳ ስምንት ዓመታቸው መሆኑን፣ ፓስፖርቱን ለማውጣት ሦስት ጊዜ መኪና ተሳፍረው መመላለሳቸውን፣ ክለቡ ሣር በሌለው ሜዳ ሲጫወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ጥሩምባ ሲነፉ መቆየታቸውን ገለጹ። ጥሩምባውን ተው ካላችሁ እቤት እተወዋለሁ፣ በአፌ እዘምራለሁ ብለዋል። አገዳውን ግን እሳቸው እንዳልወረወሩ ተናገሩ።

ሰብሳቢው ታዲያ ማን ወረወረው ሲሉ ጠየቁ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው እስክሪብቶው ቀለም መጨረሱን አሳውቆ፣ ሌላ እስኪገኝ ስብሰባው እንዲቋረጥ ጠየቀ። ወ/ሪት ብሩክታይት ከቦርሳዋ ሦስት እስክሪብቶ አውጥታ ፊቱ ደረደረችለት። «አጎቴ፣ የፈለግከውን ምረጥ» አለችው።

ጸሐፊው ሰማያዊውን መርጦ፣ በዕለቱ ከአቶ ጩማ ኋላ ተቀምጦ የነበረው እሱ መሆኑን፣ አገዳውንም የወረወረው እሱ መሆኑን ተናገረ። የወረወረው ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ሰማይ እንደሆነ፣ ሰማዩ እንደመለሰው አብራርቷል። ማብራሪያው ተቀባይነት አላገኘም። ይህ ክፍል በቃለ ጉባኤው እንዳይያዝ ጸሐፊው ጠይቆ ጥያቄው በአራት ድምፅ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፅ ድጋፍ ወድቋል። ስለዚህ ተይዟል።

አቶ ጩማ ያን ጊዜ ለምን እንዳልተናገሩ ተጠየቁ። «ጌታሁን ቢያዝ ቃሉን ሲሰጥ ያነጋል። ለፖሊሶቹ አዘንኩ» ሲሉ መለሱ። ኮሚቴው ሳቀ። ጸሐፊውም ዘግይቶ ሳቀ።

ሳቁ ሲያበቃ ወ/ሪት ብሩክታይት ፖሊሶቹ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አቶ ጩማን እንዴት ለዩ የሚል ጥያቄ አቀረበች። ሰብሳቢው ለሰላም ሲባል በጣታቸው ያሳዩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጥሩምባ የያዘ ሰው ለማሳየት እንደሚቀል አመኑ። አቶ እዮኤል ከጎን ተቀምጠው ሁሉን ቢያዩም አጥቂያችን ኳስ ይዞ ስለነበር ፊታቸውን እንዳላዞሩ ተናገሩ። ወ/ሮ ፈጠነች አገዳውን ለጸሐፊው ቆርጠው የሰጡት እሳቸው እንደሆኑ፣ የሰጡትም እንዲበላው እንደነበር ተናገሩ።

አቶ ጩማ ፓስፖርታቸውን በፌስታሉ መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። ሰብሳቢው «ጩማ፣ ተወው፤ እዚያው ይቀመጥ» አሉ። እንደ ሰብሳቢ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው የተናገሩት፤ ጸሐፊው ልዩነቱን ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጸሐፊው የእሱ ስም ተሰርዞ የአቶ ጩማ እንዲላክ ሐሳብ አቀረበ። አቶ ጩማ ተቃወሙ። ድንበር ተሻግሬ የማላውቀው ሰው ኋላዬ ከሚቀመጥ የማውቀው ጥፋተኛ ይሻለኛል ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

1. ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ንዑሳን ኮሚቴዎች ፈርሰዋል። ዳጣው ለጠባቂዎቹም ሲባል ሶዶ ይቀራል።
2. ደብዳቤው ባለው መሠረት ለሃያ አራት ሰው አራት አስከባሪ ይበቃል። የአስከባሪዎቹ አለቃ አቶ ጩማ ናቸው። በማኅበሩ ታሪክ ሳያጠፉ የተያዙ፣ ተይዘውም ያልጮኹ ብቸኛው ሰው በመሆናቸው ተወዳዳሪ አልቀረበባቸውም።
3. በፖሊስ ተይዞ የወጣ አለ ወይ ለሚለው «አንድ ሰው፣ በእኛ ጥፋት» ተብሎ ይጻፋል። ጸሐፊው የሆነውን ሁሉ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ይጽፋል፤ አራቱም አጥፊዎች ይፈርሙበታል፤ ወ/ሪት ብሩክታይት ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች፣ ሰማዩን ግን አትጨምርም።
4. ፖሊሱ ይህን አይቶ አቶ ጩማን ካልተቀበለ፣ በውሳኔ ቁጥር 2 የተባለውም ይሻራል፤ ማናችንም አንሄድም። ጨዋታውን በዚሁ ክፍል በቴሌቪዥን እናያለን።

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡25 ተበትኗል። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ለተገኙት ሁሉ ተነብቦ የሚታረም እንዳለ ተጠየቀ። አቶ ጩማ አንድ እርማት አስመዝግበዋል፦ የተወረወረው አገዳ ሁለት ነበር። ጸሐፊው አስቦ፣ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ፈርሟል።

ጌታሁን፣ ጸሐፊ